ግድግዳውን ሳያፈርሱ ማልበስ

በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጋዜጣ ያውቃል። ምርጊቱ ሲሰነጠቅና አፈር ሲያራግፍ የዱቄት ሙጫ ይበጠበጥና ጋዜጣ ይለጠፍበታል፤ ጋዜጣው በጭስ ሲጠቁር ደግሞ ሌላ በላዩ ይደረባል። ግድግዳው ያው ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ግን ተለውጧል። በኮምፒውተር ጌም ውስጥ ቴክስቸር የሚባለው ነገር ሥራው ይህ ነው። ቤቱም፣ ተራራውም፣ የዘበኛው ፊትም፣ የታጠቀው ሰይፍም በመሠረቱ ባዶ ቅርጽ ናቸው። ቀለሙን፣ ስንጥቁን፣ ዝገቱን የሚሰጣቸው በላያቸው የሚለጠፈው ጠፍጣፋ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ከተቀየረ ቅርጹ ሳይነካ ዓለሙ ሌላ መልክ ይይዛል።

ቴክስቸር መቀየር ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ትኩረት የሚገባው ሥራው ከጥቂት ፕሮግራመሮች እጅ ወጥቶ ፋይል ኮፒ ማድረግ የሚችል ማንኛውም ተጫዋች እጅ የገባበት መንገድ ነው። ይህን መንገድ ከኤልደር ስክሮልስ አጥርቶ የሚያሳይ ተከታታይ ጌም አላውቅም። ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1994 የጀመረው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ ተከታታይ፣ ተጫዋቹ የራሱን ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ በሰፊ ዓለም ውስጥ እንዳሻው የሚኖርበት ነው። ሞሮዊንድ በ2002፣ ኦብሊቪዮን በ2006፣ ስካይሪም በ2011 ወጡ። ሦስቱን በተከታታይ የተጫወተና የሞደደ ሰው (ሞድ ማለት ተጫዋች በጌሙ ላይ የሚያደርገው ለውጥ ነው) ቀላልነቱ በአንድ ጀምበር እንዳልመጣ፣ እንዲያውም መሀል ላይ ወደ ኋላ እንደተመለሰ ያያል። በእኔ እምነት ሥራውን ያቀለለው የመሣሪያ ብዛት አይደለም። ያቀለለው የቀድሞውን ፋይል ሳይነኩ በላዩ መደረብ መቻሉ ነው። የቀረው ችግር ደግሞ ከመጫን ወደ መምረጥ ተሸጋግሯል።

ሞሮዊንድ የሚጀምረው ከመርከብ በመውረድ ነው። እስረኛ የሆነው ተጫዋች ሰይዳ ኒን በምትባል ረግረጋማ የወደብ መንደር ይለቀቃል። ጭጋጉና ጎጆዎቹ ከሩቅ ያምራሉ፤ ግድግዳው ሥር ሲቆሙ ግን ሳንቃው እርጥብ ሳሙና ይመስላል። ምክንያቱ የሠዓሊዎቹ ስንፍና አልነበረም። ጌሙ የተሠራው ለኮምፒውተርም ለኤክስቦክስም ሲሆን ኤክስቦክስ በጠቅላላው የነበረው ሚሞሪ 64 ሜጋባይት ነው። ብዙዎቹ ሥዕሎች 256 በ256 ፒክሰል ወይም ከዚያ ያነሱ ናቸው። በዚያች ጠባብ አራት ማዕዘን ውስጥ የእንጨት ጅማት፣ የምስማር ዝገትና የዝናብ ጠባሳ ማስገባት ቀላል ሥራ አልነበረም፤ እነዚያን ሥዕሎች ባየሁ ቁጥር አድናቆቴ ይጨምራል።

ቤተስዳ ሞሮዊንድን ሲያወጣ ኮንስትራክሽን ሴት የተባለውን የራሱን መሥሪያ አብሮ ሰጠ። ለቴክስቸር ግን ያ መሥሪያም አያስፈልግም ነበር። ቅርጹን የያዘው ፋይል ሥዕሉን የሚጠራው በስሙ ነው። ጌሙ የራሱን ሥዕሎች ቢ.ኤስ.ኤ በሚባል ትልቅ ማኅደር ውስጥ አሽጎ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ቴክስቸርስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ በዚያው ስም የተቀመጠ ሌላ ሥዕል ካገኘ በአብዛኛው እሱን ይወስዳል። ስም መጥራት፣ ስም መመለስ። ማኅደሩን መስበር፣ ኮድ መጻፍ፣ ፈቃድ መጠየቅ የለም። አንድ ተጫዋች ሥዕል ማረም ከቻለና ስሙን ሳያዛባ ካስቀመጠ ሥራው አለቀ።

ታዲያ የት ላይ ነበር ችግሩ? ሁለት የሞድ ጥቅሎች ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ሲይዙ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይሰርዘዋል። እኔ ሦስት ጥቅሎችን አንዱን በአንዱ ላይ አፍስሼ ከተማው አማረልኝ፤ ሦስተኛውን ላነሣው ስፈልግ ግን የትኛው ፋይል ከየት እንደመጣ የሚነግረኝ ምንም ምልክት አልነበረም። ያለኝ አማራጭ ጌሙን አራግፎ እንደገና መጫን ብቻ ሆነ። በሙጫ የተለጠፈውን የላይኛውን ጋዜጣ ልጦ የሥሩን እንደነበረ ማግኘት እንደማይቻል ሁሉ ማለት ነው። የሞድ ሠሪዎች የዓመታት ጥረት ያተኮረው በዚህች ነጥብ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኦብሊቪዮን ሲመጣ ነገሩ ከመቅለል ይልቅ ከበደ። ተጫዋቹ አዲስ የጦር ልብስ ሥዕል አውርዶ በትክክለኛው ቦታ ያስቀምጣል፤ ጌሙን ይከፍታል፤ የሚያየው ግን አሮጌውን ነው። ስሙን ይፈትሻል፣ ልክ ነው። ፎልደሩን ይፈትሻል፣ ልክ ነው። ጉዳዩ ቀን ላይ ነበር። ጌሙ በማኅደሩ ውስጥ ያለውንና ውጭ የተቀመጠውን ሲያነጻጽር የፋይሎቹን ቀን ያያል፤ ውጭ ያለው ሥዕል ከማኅደሩ ቀድሞ የተሠራ ከሆነ እንዳላየ ያልፈዋል። ለዚህ የተሰጠው መፍትሔ አርካይቭ ኢንቫሊዴሽን የሚባል የጽሑፍ ፋይል ነበር። በውስጡ የሚተኩት ሥዕሎች ስም አንድ በአንድ ይዘረዘራል። ሺህ ሥዕል ያለው ጥቅል ሺህ መስመር ይፈልጋል። ዝርዝሩ ሲረዝም ደግሞ ያልታሰበ ሥዕል የሚጠፋበት፣ የማይገባ ነገር የሚታይበት ጊዜ ነበር።

መላው የመጣው ከተጫዋቾቹ ነው። አንዳንዶች የማኅደሩን ቀን ወደ ኋላ መልሰው ማንኛውም አዲስ ፋይል ከእሱ በኋላ የተሠራ እንዲመስል አደረጉ። በኋላ ደግሞ የተሻለ ተገኘ፤ ጌሙ በሚያነባቸው ማኅደሮች ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ትንሽ የማስመሰያ ማኅደር ይገባል፣ ቀን የማነጻጸሩ ጣጣ በዚያች ላይ ያርፋል፣ እውነተኛዎቹ ሥዕሎች በነፃነት ይተካሉ። የሞድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞች ይህን በአንድ ቁልፍ እንዲሠራ አደረጉት። ዛሬ ኦብሊቪዮንን የሚሞድድ ወጣት ቁልፏን ተጭኖ ያልፋል፤ ከቁልፏ በስተጀርባ ስንት ሰው እንቅልፍ እንዳጣ አያውቅም። እነዚያን ሰዎች አመሰግናቸዋለሁ፤ ያገኙትን መላ ለማንም ሳይደብቁ በነፃ አካፍለዋልና።

ስካይሪም ከዚህ ጣጣ ነፃ ሆኖ ወጣ፤ ውጭ የተቀመጠ ሥዕል ማኅደሩ ውስጥ ካለው ይቀድማል። በየካቲት 2012 ቤተስዳ የራሱን ከፍተኛ ጥራት ያለው የቴክስቸር ጥቅል በነፃ ለቀቀ፤ በዚያው ሰሞን በስቲም የጌም መደብር ያለው ወርክሾፕ ለስካይሪም ሞዶች ተከፈተና ሞድ መጫን አንድ ጊዜ ጠቅ የማድረግ ያህል ቀለለ። ትልቁ ለውጥ ግን ሞድ ኦርጋናይዘር የተባለው ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ ሞድ በራሱ ፎልደር ይቀመጣል፤ የጌሙ ፎልደር እንደ መጀመሪያው ቀን ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ጌሙ ሲከፈት ፕሮግራሙ ሁሉንም አንድ ላይ ደራርቦ እንደ አንድ ፎልደር ያሳየዋል። ሁለት ሞዶች በአንድ ሥዕል ከተጋጩ በዝርዝሩ ታች ያለው ያሸንፋል። ያልወደዱትን ምልክቱን ማንሣት ነው፤ ከሥሩ የነበረው ወዲያው ይመለሳል። ሦስት ጥቅል አፍስሼ ያበላሸሁት ጌም በዚህ ዘመን ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይስተካከል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ክብደት አንድ ስሌት ላቅርብ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። እነዚህ ጌሞች የሚጠቀሙበት ዲ.ዲ.ኤስ የሚባለው የሥዕል ዓይነት ግራፊክስ ካርዱ ሳይፈታው እንደታመቀ የሚያነበው ነው። በጣም በሚታመቀው መልኩ 256 በ256 የሆነ ሥዕል 32 ኪሎባይት ይይዛል። ያው ሥዕል 4096 በ4096 ሲሆን 8 ሜጋባይት ይሆናል፤ 256 እጥፍ ማለት ነው። ጎኑ 16 ጊዜ ሲያድግ ስፋቱ 16 ጊዜ 16 ስለሚያድግ ነው። የመጀመሪያው ስካይሪም 32 ቢት ፕሮግራም በመሆኑ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ ሊጠቀም አይችልም፤ ስለዚህ ከተማውን፣ ተራራውን፣ ልብሱን፣ ፊቱን ሁሉ በ4096 የሞላ ሰው ጌሙ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲዘጋበት ይገረም ነበር። በ2016 የወጣው ስፔሻል ኤዲሽን 64 ቢት ሆኖ ያን አጥር አነሣው። ያም ሆኖ የግራፊክስ ካርዱ ሚሞሪ ወሰን አለው። ለአንዲት ማንኪያ 4096 መስጠት ለማንም አይጠቅምም። በሞባይል ዳታ ጥቅል ለሚያወርድ የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ተጫዋች ደግሞ የእያንዳንዱ ጊጋባይት ዋጋ ከኪሱ ነው። እኔ ለግድግዳና ለመሬት 1024 በቂ ነው ባይ ነኝ፤ ለፊት ደግሞ 2048።

ወደ ሞሮዊንድ ልመለስ፤ ከሦስቱ አሮጌው ጌም ዛሬ ለቴክስቸር ሥራ ከሁሉም የቀለለው ሆኗልና። ኦፕን ኤም ደብሊው የተባለው ፕሮጀክት የጌሙን ሞተር፣ ማለትም ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ በክፍት ኮድ ከባዶ ጽፎታል፤ ተጫዋቹ የገዛውን የመጀመሪያውን ጌም ፋይሎች ብቻ ይጠይቃል፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል። መደረብ የሚለው ሐሳብ እዚህ ውስጥ የሞተሩ አካል ነው። በአንዲት የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የየፎልደሩ አድራሻ በየመስመሩ ይጻፋል፤ ኋላ የተጻፈው ከፊተኛው ይቀድማል። ከሥዕሉ አጠገብ ኖርማል ማፕ የሚባለው፣ ለጠፍጣፋው ግድግዳ የጎበጠና የጎደጎደ መልክ የሚሰጠው ተጓዳኝ ሥዕል በተገቢው ስም ከተቀመጠና ማስተካከያው ከተከፈተ፣ ሞተሩ ራሱ ያገኘዋል። በ2002 ሞሮዊንድ ይህን አያውቅም ነበር።

በር ያልተተወላቸው ጌሞችስ? የጃፓኖቹ ፋይናል ፋንታሲዎች ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። ስምንተኛው በ1999 በፕሌይስቴሽን ሲወጣ ማንም ሥዕሉን ይቀይራል ተብሎ አልታሰበም፤ በስም የሚጠራ ሥዕል የለም። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ ቅጂ ቶንቤሪ የተባለ መሣሪያ የሠሩት ሰዎች ሌላ መንገድ ቀየሱ። ጌሙ ሥዕሉን ወደ ግራፊክስ ካርድ ሲልክ መሀል ላይ ይቆማሉ፣ ከፒክሰሎቹ የቁጥር አሻራ ያወጣሉ፣ ያ አሻራ በመዝገባቸው ካለ አዲሱን ሥዕል ያቀብላሉ። የፕሌይስቴሽን 2 እና የፒ.ኤስ.ፒ ኢሙሌተሮችም (መጫወቻዎቹን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች) በተመሳሳይ ዘዴ ይሠራሉ፤ ተጫዋቹ ሲዘዋወር ያያቸው ሥዕሎች ወደ ፎልደር ይገለበጣሉ፣ ታርመው ሲመለሱ በአሻራቸው ይታወቃሉ። ብልህ ዘዴ ነው፤ ግን ስስ ነው። ጌሙ ያንኑ ሥዕል በሌላ ቀለም ከላከው አሻራው ተለወጠ፣ ሥዕሉም ጠፋ። በስም መጥራት ምን ያህል ትልቅ ስጦታ እንደሆነ የገባኝ ይህን ካየሁ በኋላ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሥዕሉን ስለ ማስገባት ነው። ሥዕሉን ማን ይሥራው? ለአሥራ ስድስት ዓመት ያህል መልሱ ሰው ነበር። በ2018 ግን ኢ.ኤስ.አር.ጋን የተባለ፣ ትንሽ ሥዕልን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጎላ ዘዴ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሞሮዊንድን ቴክስቸሮች በዚህ ዘዴ አራት እጥፍ ያጎላ ጥቅል ቀረበ። የፋይናል ፋንታሲ ዘጠኝ ሞጉሪ ሞድም በተመሳሳይ መንገድ የዳራ ሥዕሎቹን አጠራ። የዓመታት የእጅ ሥራ በቀናት ሆነ።

ውጤቱን በቅርበት ካየነው የተቀላቀለ ነው። ለድንጋይ፣ ለአፈር፣ ለቅርፊት ይስማማል፤ ዓይን ትክክለኛውን ስንጥቅ አያውቀውምና የተፈጠረውን ይቀበላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ ሥዕሎች ሲታመቁ በአራት በአራት ፒክሰል ካሬ ተከፋፍለው ነው፤ ማሽኑ የዚያን ካሬ ጠርዝ እንደ እውነተኛ ጥለት ይቆጥርና ለስላሳው ቆዳ ላይ ፍርግርግ ያወጣል። የመሬት ሥዕል ጎን ለጎን እየተደጋገመ የሚነጠፍ ነው፤ ማሽኑ ግን ጠርዙ ከጠርዙ ጋር እንደሚገጥም ስለማያውቅ ሜዳው ላይ የስፌት መስመር ይታያል። ቅጠልን ከአየሩ የሚለየው የግልጽነት ንብርብር ለብቻው ካልተሠራ በየቅርንጫፉ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይቀራል። ጥሩ ሠሪዎች እነዚህን ሁሉ ያርማሉ፤ ሥዕሉን ከማጉላታቸው በፊት ጠርዙን ያስፋፋሉ፣ ንብርብሩን ይለያሉ። የቸኮሉት አያደርጉትም፤ ልዩነቱም ከመጀመሪያው ሜዳ ላይ ይታያል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ጽሑፍ ያለበት ሥዕል ነው። በሞሮዊንድ ባንዲራዎችና ምልክቶች ላይ ዴድሪክ የሚባል ለተከታታዩ የተፈጠረ ፊደል አለ፤ ተጫዋቾች ለምደውት ያነቡታል። ማሽኑ ግን ፊደል መሆኑን አያውቅም፤ የደበዘዘውን መስመር ወዳማረ ጭረት ይለውጠዋል፣ ጭረቱም ከእንግዲህ የሚነበብ አይደለም። ለእኛ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው በጎን የተቀጠለ አጭር መስመር ነው። ያን መስመር ደብዝዞ ያየ ማሽን ከሁለት አንዱን ይገምታል፤ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ግን አይገምትም።

ስለ ፊደል ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በሞሮዊንድ ውስጥ ለንግግርና ለመጽሐፍ የሚያገለግለው ፊደልም ሥዕል ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ የተደረደሩ ፊደላትና ቦታቸውን የሚናገር ሰንጠረዥ። ስለዚህ በመርህ ደረጃ ሥዕሉን በግዕዝ ፊደል መተካት ይቻላል። ሰንጠረዡ ግን 256 ቦታ ብቻ አለው። ዋናዎቹ ፊደሎቻችን 33 በ7፣ ማለትም 231 ናቸው፤ ለቁጥር፣ ለነጥብ፣ ለዲቃሎቹና ለላቲኑ የሚተርፈው 25 ቦታ ነው። ይህ የሥዕል ችግር አይደለም፣ የሞተሩ ጥበት ነው። ኦፕን ኤም ደብሊው ዘመናዊ የፎንት ፋይሎችን ማንበብ ስለሚችል ይህ በር ከድሮው ይልቅ ሰፋ ብሏል፤ ጌምን በአማርኛ ማየት የሚመኝ ወጣት ቢያስብበት እወዳለሁ።

ብዙ ሰው የማያነሣው ጉዳይ ደግሞ ስምምነት ነው። መጫን ሲቀል ሰው ከአሥር ሠሪዎች አሥር ጥቅል ይወስዳል። የአንዱ ድንጋይ ፎቶ ይመስላል፣ የሌላው በር የቀለም ቅብ ነው፣ የሦስተኛው ሣር ከሚገባው በላይ አረንጓዴ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ግሩም ነው፤ አንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን ይጋጫሉ። የመጀመሪያዎቹ ሠዓሊዎች በትንሽ ፒክሰል አንድ ነገር አሳክተው ነበር፤ ሰይዳ ኒን ውስጥ ሁሉም ነገር በአንድ ጭጋግ ሥር ያደረ ይመስላል። ስለዚህ ከአንድ እጅ የወጣ መለስተኛ ጥቅል ከአሥር እጅ ከተሰበሰበ ምርጥ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ለጀማሪ የምመክረውም ይህንን ነው። ስካይሪም ውስጥ የሆነ ነገር ሐምራዊ ሆኖ ከታየ ሥዕሉ እንደጎደለ ወዲያው ይታወቃል፤ ያልተስማማ ሥዕል ግን እንዲህ ያለ ምልክት አይሰጥም።

ኤፕሪል 2025 የወጣው የኦብሊቪዮን እድሳት ጥያቄውን እንደገና ከፍቶታል። ከሥር የቀድሞው ሞተር አለ፤ ምስሉን የሚያወጣው ግን አንሪል ኤንጅን 5 ነው፣ ለሞድም ይፋዊ ድጋፍ አልተሰጠውም። ተጫዋቾቹ እንደ ልማዳቸው ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ መንገድ ፈለጉ፤ ሆኖም ሥዕል ለመቀየር በአዲሱ ሞተር ደንብ አዲስ ማኅደር ማሸግ ይጠይቃል። በስም ጠርቶ መልስ ማግኘት የለም። ውበቱን አልክድም፤ ግን ለሃያ ዓመት የተገነባው ቀላልነት እዚህ ላይ መጉደሉ ይቆጨኛል።

እኔ ያለሁት አሁንም ሞሮዊንድ ጋ ነው። ባልሞራ የምትባለው ከተማ ቤቶቿ ወደ ቢጫ የሚያደላ ምርጊት የተቀቡ ናቸው፤ ሁሌም የአያቴን ቤት ያስታውሱኛል። ባለፈው ፋሲካ ገጠር ስሄድ ደመና እስኪሸፍን ጠብቄ፣ ጥላ እንዳይገባበት ብዬ፣ የጓዳውን የውጭ ግድግዳ በስልኬ ፊት ለፊት አነሣሁት። አያቴ «ይህን የተሰነጠቀ ግድግዳ ምን ያደርግልሃል ልጄ?» አሉኝ። ፎቶውን ጂምፕ በተባለው ነፃ ፕሮግራም 1024 በ1024 አድርጌ ቆረጥኩ፤ ሥዕሉን በግማሽ ገፍቼ መሀል ላይ የወጣውን የመስቀል ስፌት ከሌላ ቦታ በተቀዳ ጭቃ ሸፈንኩ፤ ቀለሙን ወደ ባልሞራ ቢጫ አስጠጋሁ፤ በዲ.ዲ.ኤስ አስቀምጬ የቀድሞውን ሥዕል ስም ሰጠሁት። አዲስ ፎልደር፣ አንድ አዲስ መስመር፣ ሌላ ምንም።

ከተማዋ ስትከፈት ግድግዳው በቦታው ነበር፤ ስንጥቁም፣ ከጭቃው የወጣው ጭድም። ቀረብ ብዬ በመንገዱ ስሄድ ግን አንዲት ጎበጥ ያለች ጭድ በየጥቂት እርምጃው እየተመለሰች ዓይኔን ያዘችው። ሥዕሉ ለረጅም ግድግዳ ጠባብ ነው፤ ሰፋ ካለ ቦታ ተነሥቶ በሁለት ሥዕል መከፈል አለበት። ለገና ስመለስ በስተምሥራቅ ያለውን ግድግዳ አነሣለሁ፤ እሱ ረዘም ይላል፣ ምርጊቱም የዘንድሮ ነው።